በእመቤታችን እግር ሥር ያለችው ጉድጓዳማ ጨረቃ

ሮማ ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባለው ባዚሊካ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 5ኛ ያሠራው ጸሎት ቤት አለ። እዚያ ቆሞ ወደ ጉልላቱ ቀና የሚል ሰው እመቤታችንን በመላእክት ተከባ ያያታል። ሥዕሉ ከራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 12 የተወሰደ ነው፦ «ፀሐይን ተጐናጽፋ ጨረቃ ከእግሮችዋ በታች ያላት በራስዋም ላይ የአሥራ ሁለት ከዋክብት አክሊል የሆነላት አንዲት ሴት»። ይህን ቃል በቀለም ያወጡ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጨረቃዋን እንከን የለሽ አድርገው ነበር የሚሥሏት፤ ከሰማይ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ነውር የሌለባት ድንግል የቆመችባት ጨረቃም እንደዚያው መሆን ነበረባት። በዚህ ጉልላት ላይ ያለችው ጨረቃ ግን ገጿ ጎርበጥባጣ ነው። ጉድጓዶች አሉባት፤ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመርም የተበጣጠሰ ነው።

ሠዓሊው ሎዶቪኮ ካርዲ ይባላል፤ የሚታወቀው ግን ቺጎሊ በሚለው ስም ነው። ጉልላቱን የሠራው ከ1610 እስከ 1612 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨረቃዋን ከወዳጁ ከጋሊሊዮ ጋሊሌይ ነው ያገኛት።

ስለዚያ ዘመን ስናወራ ቤተ ክርስቲያንን በአንድ ጎን፣ ሳይንስን በሌላ ጎን አሰልፈን መጀመር ይቀናናል። እኔ ከዚህች ጨረቃ መጀመር ይሻላል እላለሁ። እምነቱም፣ ሥነ ጥበቡም፣ ሥነ ፈለኩም አንድ ልስን ላይ ተገናኝተዋል፤ ያገናኛቸውም ክርክር ሳይሆን የእጅ ሙያ ነው። መስተዋት መፍጨት የሚችል እጅ፣ ጥላን ማንበብ የለመደ ዓይን፣ ኖራው ሳይደርቅ ቀለም መቀባት የሚያውቅ ብሩሽ ባይኖሩ ይህች ጨረቃ አትኖርም ነበር።

ከመስተዋቱ እንነሣ። በኦክቶበር 1608 መጀመሪያ ሃንስ ሊፐርሃይ የሚባል መነጽር ሠሪ ሩቁን የሚያቀርብ ቱቦ ይዞ በኔዘርላንድስ ዘ ሄግ ላይ የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ወሬው በ1609 አጋማሽ በጣሊያን ፓዶቫ ያስተምር ከነበረው ጋሊሊዮ ዘንድ ደረሰ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ በቱቦው ፊት መሀሉ ያበጠ ሌንስ፣ ዓይን በሚጠጋበት ጫፍ ደግሞ መሀሉ የጎደጎደ ሌንስ። የሚያጎላው ልክ የሚገኘው የፊቱን ሌንስ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ እስከ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን) በኋላኛው የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በየገበያው የሚሸጠው የሽማግሌዎች መነጽር አብዝቶ ያበጠ ነው፤ የቅርብ ብቻ ለሚያዩ ሰዎች የሚሸጠው ጎድጓዳ መነጽር ደግሞ በቂ ጉድጓድ የለውም። ሁለቱን ገዝቶ ያጋጠመ ሰው 3 እጥፍ ገደማ ያገኛል፤ በዚያ መርከብ ይታይ ይሆናል እንጂ የጨረቃ ተራራ አይታይም። የፊተኛው ከገበያው ይልቅ የሳሳ እብጠት፣ የኋለኛው ከገበያው ይልቅ የጠለቀ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ይህን ደግሞ የሚሸጥ ስላልነበረ ራሱ መፍጨት ነበረበት።

በኖቬምበር 1609 በደረሰው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጋሊሊዮ የጻፈው የግዢ ዝርዝር እስከ ዛሬ አለ። ሁለት የመድፍ አረር፣ የቆርቆሮ የኦርጋን ቱቦ፣ የጀርመን መስተዋት፣ የድንጋይ ብርሌ (ክሪስታል)፣ የመስተዋት ስባሪ፣ ትሪፖሊ የሚባለው የማለስለሻ ዱቄት፣ ሙጫ፣ የተዳመጠ ሱፍ። እዚያው ላይ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ዘቢብ፣ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ለልጁ ለቪንቼንዚዮም ጫማና ባርኔጣ ተጽፈዋል። ስለ ጋሊሊዮ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ይህ ወረቀት ሰውዬውን ያቀርብልኛል። የሰማይን መልክ የለወጠው ሥራ ከቤት አስቤዛ ጋር አንድ ገጽ ላይ ነው ያለው።

እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ አለው። በክብ አረር ላይ የሚፈጭ መስተዋት መሀሉ እየጎደጎደ ይሄዳል፤ በብረት ሳሕን ውስጥ የሚፈጭ ደግሞ ያብጣል። በሻካራ አሸዋ ተጀምሮ ወደ ደቃቁ ይወረዳል፤ በመጨረሻ ትሪፖሊው ሱፍ ላይ ተነስንሶ መስተዋቱ እስኪያበራ ይታሻል። የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ ሱፍ ለስላሳ ስለሆነ ሲያሻሹት ጠርዙን አብዝቶ ይበላዋል፣ የሌንሱ ዳር ቅርጹን ይለቃል። በዳር የገባው ብርሃን በመሀል ከገባው ጋር አንድ ቦታ አይሰበሰብም፤ ምስሉ ይደበዝዛል። መስተዋቱ ራሱም አረፋ ነበረበት፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። በማርች 1610 ጋሊሊዮ ራሱ እንደጻፈው በብዙ ወጪና ድካም ካሠራቸው ከ60 በላይ ቴሌስኮፖች ለሥራው የበቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

መፍትሔው መሀሉ የተቀደደ ወረቀት ነበር። ፍሎረንስ በጋሊሊዮ ሙዚየም ያለው አንደኛው ቴሌስኮፕ 927 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። የፊቱ ሌንስ 37 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ብርሃን እንዲገባ የተተወለት ቀዳዳ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሌንሱ ገጽ አንድ ስድስተኛው ገደማ ማለት ነው። የትኩረት ርቀቱ 980 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኛው (በኋላ የተተካ ነው) 47.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 21 እጥፍ ገደማ ያጎላል። ብርሃን ተሠውቶ ጥራት ተገዛ። የበለጠ የሚያስቸግረው የዕይታው ጥበት ነው፤ በዚህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚታየው የጨረቃ ስፋት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሙሉዋን ጨረቃ አንድ ላይ ማየት አይቻልም። ጋሊሊዮ በሥዕሉ ያስቀመጣት ሙሉ ጨረቃ ቁራሽ በቁራሽ ታይታ በጭንቅላትና በእጅ የተገጣጠመች ናት። እሱ ራሱ በጃንዋሪ 1610 በጻፈው ደብዳቤ መሣሪያው በእጅ ከተያዘ የደም ትርታና ትንፋሽ ስለሚያንቀጠቅጠው በጽኑ ነገር ላይ እንዲደገፍ፣ ሌንሱም በትንፋሽና በእርጥብ አየር ስለሚጨልም በጨርቅ እንዲወለወል ይመክራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ የሣለ የመጀመሪያው ሰው ጋሊሊዮ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት በ1609 ጁላይ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ የያኔው አቆጣጠር በ26ኛው ቀን፣ 6 እጥፍ በሚያጎላ ቱቦ ጨረቃን አይቶ ሥሏል። ሃሪዮት የዋዛ ሰው አልነበረም፤ በሒሳብ ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ፣ አሜሪካ ድረስ የተጓዘ አሳሽም ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ የተንጋደደ መስመርና ጥቂት የጠቆሩ ቦታዎች ናቸው። ተራራ የለም፣ ጉድጓድ የለም። ከዓመት በኋላ የጋሊሊዮ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ በሣላት ጨረቃ ላይ ግን ጉድጓዶቹ ብቅ ይላሉ።

የመሣሪያው ጉልበት ልዩነት ድርሻ እንዳለው አልክድም። ሆኖም ነገሩን ሁሉ አይፈታውም። ጋሊሊዮ ያደገው የሥዕል ትምህርት በሚከበርባት በፍሎረንስ ነው፤ እሱም ቺጎሊም ከአንድ መምህር፣ ከኦስቲሊዮ ሪቺ ዘንድ ተምረዋል። አንድ ክብ ነገር በጎን በኩል ሲበራ ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጉድጓድና ጉብታ በወረቀት ላይ በምን እንደሚለዩ ያውቃል። ከኖቬምበር 30 ቀን 1609 ጀምሮ ጨረቃን ሲመለከት ያየው ነጠብጣብ ብቻ አልነበረም፤ በየነጠብጣቡ ውስጥ ጨለማው ከፀሐይ ወገን፣ ብርሃኑ ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን መሆኑን ልብ አለ። ጉብታ ቢሆን ኖሮ ወደ ፀሐይ ያለው ጎኑ ይበራ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ሸለቆው የሚመስለው ይህንኑ ነው፤ በፀሐይ በኩል ያለው ግድግዳ ገና በጥላ ውስጥ ሳለ ከፊት ለፊቱ ያለው አስቀድሞ ይበራል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥርም ጥላው እያጠረ ሄደ። ይህን ሁሉ በቡናማ ቀለም፣ በውኃ እያሳሳ በብሩሽ መዘገበው፤ ያ ወረቀት ዛሬ በፍሎረንስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ አንባቢ 10 እጥፍ የሚያጎላ ባይኖኩላር ይበቃዋል። የሚመረጠው ጨረቃ ከተወለደች በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ነው፤ ክርንን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ብቻ መከተል። በሙሉ ጨረቃ ቀን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱ አይታይም።

ከጥላው ቀጥሎ ሒሳቡ መጣ፤ የምወደውም ይህን ክፍል ነው። በጨለማው ወገን፣ ከብርሃኑ ወሰን ርቀው ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦች ነበሩ። ጋሊሊዮ የተራራ ጫፎች ናቸው አለ። አንዳንዶቹ ከወሰኑ ያላቸው ርቀት ከጨረቃ ዲያሜትር አንድ ሃያኛ ይበልጥ ነበር። የጨረቃን ዲያሜትር 2,000 የጣሊያን ማይል አድርጎ ያዘ፤ እንግዲህ ግማሹ 1,000፣ አንድ ሃያኛው ደግሞ 100 ይሆናል። ከጨረቃ መሀል እስከ ወሰኑ 1,000፣ ከወሰኑ እስከ ተራራው ጫፍ በፀሐይዋ ጨረር መስመር 100፤ ሁለቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ። የ1,000 ካሬና የ100 ካሬ ሲደመሩ 1,010,000፤ ስኩዌር ሩቱ 1,005 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከእሱ ላይ 1,000 ሲቀነስ የተራራው ቁመት ከ4 ማይል በላይ ይሆናል። በምድር ላይ ያሉ ተራሮች አንድ ማይል እንኳ አይሞሉም ብሎ ያምን ስለነበር ውጤቱ ለራሱም የሚያስደንቅ ነበር። ይህን የያዘው ትንሽ መጽሐፍ በማርች 1610 ቬኒስ ላይ በ550 ቅጂ ታተመ። በኅትመቱ ሥዕሎች ላይ መሀል አካባቢ ያለው ትልቅ ጉድጓድ ከእውነተኛው እጅግ ተልቆ ነው የተቀረጸው፤ ይህ የመለካት ስሕተት አይመስለኝም። ጥላው እንዴት እንደሚዞር አንባቢው እንዲያይለት ሆን ብሎ አጉልቶታል።

ሮማ ምን አለች? ካርዲናል ሮቤርቶ ቤላርሚኖ በኤፕሪል 1611 በኮሌጆ ሮማኖ፣ በሮማው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) ኮሌጅ፣ ላሉት የሒሳብ ሊቃውንት አምስት ጥያቄ ጻፈላቸው፦ አዳዲሶቹ ከዋክብት፣ ሳተርን፣ የቬነስ መጉደልና መሙላት፣ የጨረቃ ጎርበጥባጣነት፣ ጁፒተርን የሚዞሩት አራቱ አካላት እውነት ናቸው ወይ? በቀናት ውስጥ መለሱለት፤ የሚታየው ሁሉ እውነት ነው አሉ። በጨረቃዋ ላይ ብቻ አንድ ተቃውሞ ተመዘገበ። በሰባዎቹ ዕድሜ የነበረውና የግሪጎሪዮስን የቀን አቆጣጠር ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ክሪስቶፍ ክላቪየስ፣ ገጿ ወጣ ገባ ሳይሆን አካሏ አንዱ ቦታ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው የሳሳ ነው የሚለው ግምት የበለጠ ይመስለኛል አለ። ሎዶቪኮ ዴሌ ኮሎምቤ የሚባል ፍሎረንሳዊ ደግሞ ጉድጓዶቹ በማይታይ ብርሌ ስለተሞሉ ጨረቃ ለስላሳ ናት ብሎ ተከራከረ። ጋሊሊዮ የሰጠው መልስ አጥጋቢ ነው፦ የማይታይ ነገር መጨመር ከተፈቀደማ እኔም ከሚታዩት ተራሮች አሥር እጥፍ የሚረዝሙ የብርሌ ተራሮች ልጨምር እችላለሁ።

ቺጎሊ ስለ ክላቪየስ በኦገስት 1611 ለጋሊሊዮ ሲጽፍ፣ ሥዕል የማያውቅ የሒሳብ ሰው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ግማሽ ሒሳበኛ ብቻ ሳይሆን ዓይን የሌለው ሰው ነው አለ። ንግግሩ ለአረጋዊው ሊቅ ይከብዳል፤ ክላቪየስ ተራራ አለመቀበሉም ስንፍና አልነበረም። ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ሁለቱም አንዱን የብርሃን ነጠብጣብ አይተዋል፤ አንደኛው ነጠብጣቡን ወደ ቅርጽ የሚለውጥበት ልምድ ነበረው። ጋሊሊዮም በጁን 1612 ለቺጎሊ ሲጽፍ፣ ሐውልት ጎልቶ የሚታየው በብርሃንና በጥላ ነው፣ የሚያበራውን ቦታ ሁሉ ብናጠቁረው ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል አለው። ጨረቃዋን ያነበበበት ዘዴ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ቺጎሊ ጉልላቱን የሠራው በፍሬስኮ ነው፤ ፍሬስኮ ደግሞ ለማመንታት ጊዜ አይሰጥም። ግድግዳው መጀመሪያ በሻካራ የኖራና የአሸዋ ልስን ይለሰናል። በላዩ ላይ ቀጭንና ልም ያለው ልስን የሚቀባው በዚያ ቀን ሊሣል የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። በውኃ የተበጠበጠው ቀለም እርጥቡ ኖራ ላይ ሲያርፍ ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ቀለሙን ውስጡ ያስረዋል። ልስኑ ከመጠን በላይ እርጥብ ሳለ ከተነካ ብሩሹ ኖራውን ያነሣዋል፤ ከደረቀ በኋላ ከተቀባ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀርና ከዓመታት በኋላ ይረግፋል። ሌላው ወጥመድ ቀለሙ ሲደርቅ መንጣቱ ነው። ጥላን በልኩ የቀባ የመሰለው ሠዓሊ ሲነጋ ግራጫው ገርጥቶ፣ ጉድጓዱ ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል፤ የጨረቃ ጉድጓድ ደግሞ ከሁለት ግራጫዎች ልዩነት ሌላ ምንም አይደለም። መታረም ያለበትን በመሮ አንሥቶ እንደ አዲስ መለሰን እንጂ መደረብ አይሆንም። በዚያ ላይ ግድግዳው ጎባጣ ነው፤ ከታች ሲታይ ክብ የሚመስል ነገር እላይ ሲሣል ክብ አይደለም። ቺጎሊ ስለ ፐርስፔክቲቭ ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስለነበር ለዚህ የተዘጋጀ ነበር።

በሥራው መካከልም ሰማይን ማየቱን አልተወም፤ በ1612 የፀሐይን ነጠብጣቦች እየሣለ ለጋሊሊዮ ይልክለት ነበር። ፀሐይን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ማንም እንዳይሞክረው። የጋሊሊዮ ደቀ መዝሙር ቤኔዴቶ ካስቴሊ ያመጣው ዘዴ ይሻላል፦ ወረቀት ላይ ክብ ተሥሎ ከቴሌስኮፑ ኋላ አራት አምስት ስንዝር ርቆ ይያዛል፤ የፀሐይዋ ምስል ክቡን ልክ እስኪሞላ ድረስ ወረቀቱ ይጠጋል ወይም ይርቃል፤ ከዚያ ነጠብጣቦቹን ወረቀቱ ላይ መከተል ነው።

በዲሴምበር 1612 መጨረሻ የሊንቼይ የሊቃውንት ማኅበር መሥራች የሆነው ፌዴሪኮ ቼዚ ለጋሊሊዮ ሲጽፍ፣ ቺጎሊ እንደ ታማኝ ወዳጅ በድንግል እግር ሥር ያለችውን ጨረቃ እርስዎ እንዳገኟት አድርጎ ሣላት ብሎ አበሠረው። ገንዘቡ የጳውሎስ 5ኛ ነው፤ ቦታው ከሮማ ታላላቅ የማርያም ቤተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ይኸው ጳጳስ ጋሊሊዮን በ1611 በክብር ተቀብሎታል፤ በማርች 1616 ምድር ትዞራለች የሚለው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም የታገደው ደግሞ በዚሁ ጳጳስ ዘመን ነው። ይህ ተቃርኖ የሚመስለው ሁለቱን ጉዳዮች ካደባለቅን ነው። ጎርባጣ ጨረቃ ማንም በዓይኑ የሚያየው ነገር ነበር፤ የምድር መዞር ግን በዚያ ጊዜ ማንም በዓይኑ ሊያሳየው ያልቻለ፣ ከመጽሐፍ ቃል ጋርም ፊት ለፊት የሚላተም ሐሳብ ነበር። እገዳው ስሕተት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ያገዱት ሰዎች ግን ዓይናቸውን የጨፈኑ አልነበሩም።

የጨረቃዋ አሣሣል አልተስፋፋም። በስፔን ቬላስኬዝ በ1618 ገደማ በሣላት ማርያም እግር ሥር ያለችው ጨረቃ አሁንም ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ኳስ ናት። ፍሬስኮ ከግድግዳው አይነቀልም፤ ሮማ ያልሄደ ሠዓሊ አያየውም።

ከሥሩ ያለው ሥዕል ግን ተጉዟል። ቼዚ በጻፈ በወሩ፣ በጃንዋሪ 1613፣ «የሮማ ሕዝብ መድኃኒት» የምትባለው ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል በዚያው ጸሎት ቤት መሠዊያ ላይ ተቀመጠች። ኢየሱሳውያን ይህችን ሥዕል ለመገልበጥ ከ1569 ጀምሮ ፈቃድ ነበራቸው፤ ግልባጮቿንም ወደየተልእኮ አገራቸው ይዘው ሄደዋል። እንደ ክላቪየስ ኢየሱሳዊ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ በኤፕሪል 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይ ደረሰ። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ። የሥዕሏ መልክ ግን በእኛ ሠዓሊዎች እጅ ቀረ። በጎንደር ዘመን የተሣሉ ብዙ የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎች ከእሷ የመጡ መሆናቸው የሚለየው በእጆቹ ነው፦ የእመቤታችን ቀኝ እጅ በግራው ላይ ተደርቦ ሁለት ጣት ወደ ታች ይዘረጋል፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች፤ ሕፃኑ በግራ እጁ መጽሐፍ ይዞ በቀኙ ይባርካል። በግራና በቀኝ የሚቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል በሮማይቱ ሥዕል ላይ የሉም፤ የጨመሯቸው የእኛ ሠዓሊዎች ናቸው።